ቀን ያለፈበት አትክልት፦ ምኑ ይበላል፣ ምኑ ይጣላል?

እንግሊዝ አገር ሱፐርማርኬት ገብታችሁ አንድ ከረጢት ፖም አንሡ። ገልበጥ አድርጋችሁ ቀኑን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ አታገኙትም። ቴስኮ ከ2018 ጀምሮ ከብዙ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ቀኑን አንሥቷል። ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር በጁላይ 2022 ከ300 በላይ ዓይነቶች ላይ አነሣ። ዌትሮዝ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ወደ 500 ከሚጠጉ ዕቃዎች ላይ አነሣ። አስዳም ተከተለ።

ቀኑ ሲቀር ታዲያ ጥያቄው መጣ፦ «መበላሸቱን በምን ልወቅ?» እኛ አበሾች ደግሞ «ኤክስፓየር አድርጓል» የሚባል ነገር በጣም እንፈራለን። ፍርሃቱ ምክንያት አለው። አገር ቤት ቀን የምናየው በመድኃኒት፣ በዱቄት ወተትና በጣሳ ምግብ ላይ ነው። እዚያ ላይ ካለፈ አለፈ ነው። ያንኑ ፍርሃት ይዘን መጥተን ካሮት ላይ አዋልነው። ጉሊት ላይ የተደረደረ ቲማቲም ቀኑ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላውቅም። እናቶቻችን አገላብጠው፣ ጫን ጫን አድርገው፣ አሽትተው ነው የሚገዙት። እዚህም የሚሠራው እሱ ነው፤ ከጥቂት ነገሮች በቀር። ጥቂቶቹን ለይቶ ማወቅ ግን ግድ ነው።

የምጽፈው በዋናነት እንግሊዝ ላሉ ነው። አሜሪካና አውሮፓ የሚለይበትን በመሀል እጠቅሳለሁ።

1. ከቀኑ በፊት ያለውን ጽሑፍ አንብቡ

ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ከፊቱ ምን ይላል?

«ዩዝ ባይ» ካለ ጉዳዩ የጤና ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ታጥቦ የተከተፈ ሰላጣና የመሳሰሉት ላይ ታገኙታላችሁ። ይህ ቀን ካለፈ ምግቡ ምንም ባይሸትም አይበላም። እንደ ሊስቴሪያ ያሉ ባክቴሪያዎች ሽታም መልክም ሳይለውጡ ሊያሳምሙ ይችላሉ። ሱፐርማርኬቱም ቀኑ ካለፈ በኋላ መሸጥ በሕግ ተከልክሏል። እዚህ ላይ ድርድር የለም፣ «ትንሽ ልቅመሰው» የለም። በተለይ እርጉዝ፣ አዛውንት ወይም ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት።

«ቤስት ቢፎር» ካለ ጉዳዩ የጣዕምና የመልክ ነው። ሻጩ «እስከዚህ ቀን ድረስ አሪፍ ሆኖ ይቆያል» እያላችሁ ነው እንጂ «ከዚህ በኋላ ያሳምማል» አላለም።

«ዲስፕሌይ አንቲል» ወይም «ሴል ባይ» ካለ ለእናንተ የተጻፈ አይደለም። መደርደሪያ ለሚያስተካክለው ሠራተኛ ነው። እለፉት።

ያልተላጠና ያልተቆረጠ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ቤስት ቢፎር መጻፍ ግዴታ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ነፃ አድርጎታል፣ እንግሊዝም እንዲሁ። ሱፐርማርኬቶቹ ሲለጥፉት የኖሩት በገዛ ፈቃዳቸው ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ለሠራተኛ ብቻ የሚገባ ኮድ ይጠቀማሉ።

ቀኑ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ማየት ከፈለጋችሁ፣ ራፕ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ2022 ያወጣውን ጥናት እዩ። ፖም፣ ሙዝ፣ ብሮኮሊ፣ ኪያርና ድንች ላይ ነው የተሠራው። ፍሪጅ ውስጥ በደንብ የተቀመጠ ፖም ቀኑ ካለፈ በኋላ ሁለት ወር ተኩል ያህል ምንም የመበላሸት ምልክት አላሳየም። ብሮኮሊ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። በቀኑ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ቆሻሻ ውስጥ ናቸው።

አሜሪካ ያላችሁ፦ ከሕፃናት ዱቄት ወተት በቀር ቀን እንዲጻፍ የሚያስገድድ የፌደራል ሕግ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ አምራች የፈለገውን ይጽፋል፣ እናንተም ግራ ትጋባላችሁ። ካሊፎርኒያ በ2024 ሕግ አውጥታ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በሚመረቱ ምግቦች ላይ ገዢ የሚያነበው «ሴል ባይ» እንዲቀር ወስናለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አዲስ መጤ ብዙ ጊዜ ይሳሳትበታል። 05/08 የሚል ካያችሁ፣ እንግሊዝና አውሮፓ ውስጥ ኦገስት 5 ነው። አሜሪካ ውስጥ ሜይ 8 ነው። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ።

2. ፍሪጁን ለኩ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የሚያሳዝነው፣ ከሁሉም የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው ይሄ መሆኑ ነው። ፍሪጅ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። የብዙ ቤት ፍሪጅ ግን ከዚያ ይሞቃል፤ ባለቤቱም አያውቅም።

ርካሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ግዙ። ብርጭቆ ውስጥ ውኃ ሞልታችሁ ቴርሞሜትሩን ክተቱበት፣ መሀል መደርደሪያ ላይ አሳድሩት። ጠዋት አንብቡ። ከ5 በላይ ከሆነ የፍሪጁን የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያ አዙሩ። ፍሪጅ ውስጥ ያለችው ቁጥር ዲግሪ አይደለችም። በአብዛኛው ፍሪጅ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቅዝቃዜው ይጨምራል፤ «2 ላይ አድርጌዋለሁ፣ በጣም ይቀዘቅዛል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ንገሩት።

ለበዓል ድስት ሙሉ ወጥ ትኩሱን ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱ። ያለውን ሁሉ ያሞቀዋል። በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ አብርዱትና በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ አስገቡት።

3. ከገበያ ስትመለሱ ሁሉንም በየቦታው

እንደመጣ ፌስታሉን ፍሪጅ ውስጥ ወርወር ማድረግ የለመደ እጅ አለ። አሥር ደቂቃ ስጡት።

ጎመን እንበል። እንግሊዝ ያለን ኬል ወይም ስፕሪንግ ግሪንስ እንገዛለን፣ አሜሪካ ያሉት ኮላርድ። የታሰረበትን ላስቲክ ፍቱ። የተቀደደና ቢጫ የሆነ ቅጠል ካለ አውጡት። አትጠቡት። እርጥብ ቅጠል በሦስት ቀን ይሟልጣል። ደረቅ የወጥ ቤት ሶፍት ጠቅልሉበትና በፌስታል አድርጋችሁ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ አስገቡ። ሶፍቱ ሲርስ ቀይሩ። ኮስታና ሰላጣም እንደዚሁ ነው።

ቃሪያ እንጨቱ ሳይነቀል ይቀመጥ። ከመሀሉ አንድ የለሰለሰች ካለች ቀድማ ትውጣ፤ ካለበለዚያ ጎረቤቶቿን ይዛ ትሄዳለች። ይህችም ሶፍት ትወዳለች።

ቲማቲም ጠንካራ ከሆነ ውጭ ይብሰል። ከበሰለ በኋላ ፍሪጅ ይግባ። ለሰላጣ ከሆነ ቀደም ብላችሁ አውጡት፤ ቅዝቃዜ ጣዕሙን ይደብቀዋል።

ሽንኩርት ፍሪጅ አይወድም። ደረቅ፣ ጨለም ያለና አየር የሚገባበት ቦታ ይፈልጋል። ከድንች ጋር አንድ ቅርጫት ውስጥ አታድርጉት፤ አንዱ ሌላውን ያበላሻል።

ድንች ላይ ምክሩ ተቀይሯል። ድሮ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ ይባል ነበር፤ ሲጠበስ ጎጂ የሆነውን አክሪላማይድ ይጨምራል ተብሎ። የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ በ2023 መረጃውን እንደገና አይቶ ችግር የለውም ብሏል። ፍሪጅ ውስጥ ቦታ ካላችሁ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ከሌላችሁ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ፣ ብርሃን የማይደርስበት ቦታ። ብርሃን ድንችን አረንጓዴ ያደርገዋል።

ሙዝ ለብቻው። ሙዝ፣ ፖም፣ አቮካዶና ቲማቲም ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ፤ አጠገባቸው ያለውን ጎመን ቢጫ ያደርጉታል። በተቃራኒው አቮካዶ ቶሎ እንዲበስል ከፈለጋችሁ ከሙዝ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ አቆዩት። ከበሰለ በኋላ ፍሪጅ ይግባና ጥቂት ቀን ይጠብቃችኋል።

ካሮት ቅጠሉ ካለ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ውኃውን ይመጥበታል። ሎሚ በተዘጋ ፌስታል ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል፤ ሳህን ላይ ለጌጥ ሲቀመጥ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ዝንጅብል እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ ይግባ። ሲያስፈልግ ሳይቀልጥ ትፈገፍጉታላችሁ፣ እንዲያውም ጭረቱ አያስቸግርም።

አሁን የነጭ ሽንኩርት ነገር፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ የሐበሻ ቤት ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ፈጭቶ፣ ዘይት አፍስሶበት በጠርሙስ ያስቀምጣል። ሥራ ያቀልላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ዘይት አየር ይከለክላል፤ አየር በሌለበት ደግሞ ቦቱሊዝም የሚባለውን ለሞት የሚያደርስ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ይመቸዋል። መርዙ አይሸትም፣ አይታይም። ስለዚህ ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ አይደር። ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ 4 ቀን። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ በበረዶ መሥሪያ ቅርጽ ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪዘር ክተቱ። ቀን ተለጥፎበት የማያውቅ ነገር ነው፤ እኔ ግን ቀን ካለፈበት ካሮት ይልቅ የምፈራው ይህን ነው።

4. ቀኑ አለፈ። አሁን እዩት

ምሳሌ በካሮት ልጀምር። ከመሳቢያው ሥር የተረሳ ካሮት ታወጣላችሁ። ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ስታጥፉት ሳይሰበር ይጎብጣል። ቆዳው ተጨማዷል። ቀኑም ካለፈ ሰንብቷል። ይህ ካሮት አልበሰበሰም፤ ውኃ ነው የጎደለው። ሁለቱንም ጫፍ ቁረጡና ረጅም ብርጭቆ ውስጥ በቀዝቃዛ ውኃ አቁሙት፣ ፍሪጅ ይግባ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ስታጥፉት ቀጭ ይላል። የጠወለገ ሰላጣና ጎመንም ሰፊ ሳህን ላይ በበረዶ ውኃ ቢነከር ብዙ ጊዜ ይነሣል።

መጠውለግ፣ መጨማደድ፣ መለስለስ የመልክ ነገር ነው። የተጨማደደ ቲማቲም ለወጥ እንዲያውም የተሻለ ነው፤ ውኃው ቀንሷል። የሚጣለውን ግን እንዲህ ለዩት፦

- ሲነካ የሚያሟልጭ፣ ውኃ ያቆረ፣ የሚኮመጥጥ ሽታ ያለው ቅጠል ይጣላል። ከእስሩ ውስጥ ሁለት ቅጠል ብቻ ከሆነ እነሱን አውጥታችሁ ሌላውን በደንብ እጠቡ።
- ሻጋታ ጠንካራ ነገር ላይ ከሆነ፣ ማለትም ካሮት ወይም ጥቅል ጎመን፣ ከሻጋታው ዙሪያና ከሥሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ቢላው ሻጋታውን አይንካ። ቲማቲም፣ ኪያር፣ ኮክ፣ እንጆሪ ላይ ከሆነ ያ ፍሬ ሙሉ በሙሉ ይጣላል፤ ለስላሳ ውስጥ ሻጋታው ሥር ይሰዳል።
- ድንች ካቆጠቆጠ ቡቃያውን ጎድጎድ አድርጋችሁ አውጡ። አረንጓዴ የሆነውን ክፍል በወፍራሙ ላጡ። አብዛኛው አረንጓዴ ከሆነ ወይም ሲቀመስ ከመረረ ይጣል። መቀቀል መርዙን አያጠፋውም።
- ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢያቆጠቁጡ ምንም አይደለም። የሽንኩርቱ አረንጓዴ ቡቃያ ራሱ ይበላል። ውጭ ልጣጩ ላይ ያለ ጥቁር አቧራ ሻጋታ ነው፤ ላጡና እጠቡት። ወደ ውስጥ ከዘለቀ ጣሉት።

ይህ ሁሉ ለሙሉ አትክልት ነው። ታጥቦ ተከትፎ የታሸገ ሰላጣ፣ የተቆረጠ ሐብሐብና ፓፓያ፣ የታሸገ የባቄላ ቡቃያ እዚህ ውስጥ አይገቡም። የተቆረጠ ነገር ቆዳው ተከፍቷል፣ ባክቴሪያ በቀላሉ ይገባዋል። እነዚህ ላይ ዩዝ ባይ ካለ ቀኑን አክብሩ፤ ከተከፈቱ ደግሞ ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን የቀን ብዛት። ለዚህም ነው የተከተፈ ሰላጣ የማልገዛው። ዋጋው ውድ፣ ዕድሜው አጭር። ሙሉውን ገዝቶ መክተፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

5. ሳይሞት አድኑት

ሦስት ነገር ማድረግ ብትለምዱ ከመሳቢያው የሚጣል ብዙ አይኖርም።

መጀመሪያ ቁሌት። ሊያቆጠቁጥ የደረሰ ሽንኩርት ሁሉ ይከተፍ፣ ትልቅ ድስት ውስጥ ይቁላላ። ግማሹን ከበርበሬ ጋር፣ ግማሹን አልጫ አድርጉት። ሲበርድ ዚፕ ያለው ፌስታል ውስጥ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስተኙት። ጠፍጣፋ ከሆነ ቦታ አይዝም፣ ቶሎም ይቀልጣል። ከሥራ ደክሞ ለሚመጣ ሰው የተሠራ ቁሌት ማለት ወጡ ግማሽ አለቀ ማለት ነው።

ሁለተኛ ዳጣ። መለስለስ የጀመረ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ያለች የድንብላል ወይም የበሶብላ ቅጠል፣ ጨው። በብሌንደር ፍጩና በበረዶ መሥሪያው ቅርጽ አቀዝቅዙ። ለአንድ ማዕድ አንድ ሁለት ኩብ ይበቃል።

ሦስተኛ ጎመን። ከትፋችሁ በፈላ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ። ጨምቃችሁ በመጠን በመጠኑ ጠቅልሉና ወደ ፍሪዘር። ጥሬውን ካቀዘቀዛችሁት ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይለወጣል።

ቲማቲም ሙሉውን ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ሲወጣ ቧንቧ ሥር ያዙት፣ ቆዳው በራሱ ይላቀቃል። የጠቆረ ሙዝ ልጣጩ ተነሥቶ ይግባ፤ ለልጆች ከወተት ጋር ይመታል። ጥሬ ድንች ግን አታቀዝቅዙ፣ ውኃ ሆኖ ይቀራል።

ዩዝ ባይ ያለበትን ዕቃም ቀኑ እስኪያልቅ ድረስ፣ በዚያው ቀን ጭምር ማቀዝቀዝ ይቻላል። ከቀለጠ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ መበላት አለበት። ፌስታሉ ላይ ምን እንደሆነና መቼ እንደገባ ጻፉ። በረዶ የሆነ አልጫና በረዶ የሆነ የሽንኩርት ቁሌት አይለዩም፣ እመኑኝ።

6. ቀጣዩ ገበያ

ከመውጣታችሁ በፊት የፍሪጁን ፎቶ አንሡ። ሱቅ ውስጥ ቆሞ «ካሮት አለ ወይስ የለም» ከማለት ይገላግላል። ራፕ እንደሚለው አራት ሰው ያለበት የእንግሊዝ ቤተሰብ ሊበላ ይችል የነበረ የ1,000 ፓውንድ ያህል ምግብ በዓመት ይጥላል። ኪራይ በዚህ በተወደደበት ጊዜ!

በተቻለ መጠን ያልታሸገውን በልክ ግዙ። ሦስት ቀለም ያለው የቃሪያ ፓኬት ያምራል፤ ለሰላጣ የምትፈልጉት ግን አንዱን ነው። «ሁለት ለአንድ ዋጋ» የሚለው ደግሞ ሁለተኛው ከተጣለ ርካሽ አይደለም። ጾም ሲገባ፣ በተለይ ሁዳዴ፣ አትክልት በገፍ የመግዛት ስሜት ይመጣል። ለስምንት ሳምንት በአንድ ጊዜ አይገዛም። ምስሩና ሽሮው ይቆያል፤ ቅጠሉን በየሳምንቱ።

አመሻሽ ላይ ዋጋው መቀነሱን የሚያሳይ ቢጫ ስቲከር የተለጠፈበትን ዕቃ እዩ። ሙሉ አትክልት ላይ ከሆነ ትልቅ ዕድል ነው፤ ቀኑ ሻጩን እንጂ እናንተን አያስቸኩልም። ሥጋ ላይ ከሆነ የዚያኑ ምሽት ሥሩት ወይም ፍሪዘር ክተቱት። ይህን ለማድረግ ጊዜ ከሌላችሁ አትግዙ።

ቤት ስትገቡ አዲሱን ከኋላ፣ አሮጌውን ከፊት። ፍሪጁ ውስጥ በዓይን ቁመት ያለውን አንድ መደርደሪያ «ቀድሞ የሚበላ» አድርጉት። ቤት የምትጋሩ ከሆነ ወረቀት ለጥፉበት፤ አለዚያ የአብሮ ኗሪያችሁ ግማሽ ኪያር ከናንተ ግማሽ ኪያር ጋር እየተያየ ይበሰብሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚጣል አይጠፋም። በእንግሊዝ ካውንስሎች (የየአካባቢው አስተዳደሮች) ከማርች 31 ቀን 2026 ጀምሮ የምግብ ቆሻሻን በየሳምንቱ ለብቻው ከየቤቱ እንዲሰበስቡ ተወስኗል፤ ቀድመው የጀመሩም ብዙ ናቸው። የእናንተ አካባቢ ትንሿን ባልዲ ሰጥቷችሁ ከሆነ ልጣጩም፣ የሻገተውም እሷ ውስጥ ይግባ። ፕላስቲኩንና በፍሬው ላይ የተለጠፈችውን ስቲከር ግን ቀድማችሁ አንሡ።